ስልክ ይዘን ሽምግልና

በዚህ ዘመን ሽማግሌ ሆኖ ልጅ መለመን ከበደ። ድሮ የሽማግሌ ፈተናው ጉልበቱ ነበር፤ ዳገት መውጣት፣ ደጅ መቆም፣ «ኧረ ተቀመጡ» ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ መገተር። ነገሩ ግን ቀላል ነበር። «ልጃችን ገበሬ ነው» ካላችሁ በሬዎቹ ይመሰክሩላችኋል። «አስተማሪ ነው» ካላችሁ ጠመኔው ኮቱ ላይ አለ። ሹፌር ከሆነም የልጅቱ አባት ልጁን ባያውቁት መኪናውን ያውቁታል፤ ምናልባትም አንድ ቀን ጭቃ ረጭቶባቸው ይሆናል። አሁን ሂዱና ለአንድ የአንኮበር አባወራ «ልጃችን ሶፍትዌር ኢንጂነር ነው» በሉ እስኪ! «ምን ይሠራል?» ይሏችኋል። «ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል።» «ጸሐፊ ነዋ?» «አይ፣ ጸሐፊ እንኳ አይደለም።» «ታዲያ ምን ይጽፋል?» እዚህ ላይ ሽማግሌውን ሳል ይጀምረዋል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከወጣሁ ወዲህ ሁለተኛ ሥራዬ ሽምግልና ሆኗል። ደመወዝ የለውም፤ ምሳ ግን አለው። የብዙ ሰው ልጅ አጋብቻለሁ፤ እንደ እህቴ ልጅ እንደ ብሩክ ያስቸገረኝ ግን የለም። ያስቸገረኝ ጠባዩ አይደለም፤ ጠባዩስ ከመቸኮሉ በቀር ወርቅ ነው። ያስቸገረኝ ሥራው ነው።

ብሩክ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ አዲስ አበባ ራዳር ላይ ተቀጠረ። ራዳሩን የሚሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ራዳሩ ያየውን ለሰው የሚያሳየውን ፕሮግራም ከሚጽፉት አንዱ ነበር። እኔም እንደ እናንተው ራዳር ማለት ሩቅ የሚያይ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። እሱ እንዳስረዳኝ ከሆነ ግን የራዳር ችግሩ ሁሉን ማየቱ ነው። አውሮፕላኑን ያያል፣ ተራራውን ያያል፣ ዝናቡን ያያል፣ የወፍ መንጋውን ያያል፤ ያየውን ሁሉ ደግሞ ሳይመርጥ ይዘረግፈዋል። «የኔ ሥራ መጥረግ ነው ጋሼ» አለኝ። «አውሮፕላን ያልሆነውን ሁሉ ጠርጌ አጠፋለሁ። ከዚያ የቀረው አውሮፕላን ነው።» ይሄ ወዲያው ገባኝ። ባለቤቴ ስትቆጣ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነውና፤ ከዚያ ሁሉ ቁጣ መሐል «ሽንኩርት አልገዛህም» የምትለዋን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን እጠርገዋለሁ።

እንዲህ ያለውን ሥራ ሰፈር ውስጥ ማስረዳት ግን ሌላ ፈተና ነው። አንድ ፋሲካ ለበዓል ሲመጣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ራዳር ላይ መሥራቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ በግ ጠፍቶባት ነበር። ብሩክ በትሕትና «እትዬ፣ እኛ ምድር ላይ ያለውን ነገር እናጠፋዋለን እንጂ አንፈልገውም» አላት። «እኔኮ የጠፋውን ፈልግልኝ ነው ያልኩህ፤ ጭራሽ የተረፉትንም ልታጠፋብኝ ነው?» ብላ ተነስታ ሄደች። በጉ ማታውኑ በእግሩ ተመለሰ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ብሩክን በጎሪጥ ነው የምታየው።

ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ራዳሩን ተወና ንግግር ላይ ገባ። ሰው ሲናገር ሰምቶ በአማርኛ የሚጽፍ ማሽን ከሚሠሩ ልጆች ጋር ተቀላቀለ። ዓላማው ደግ ነው፤ መጻፍ የማይችል ሰው አቤቱታውን በአፉ ተናግሮ እንዲያጽፍ፣ ሐኪሙም በሽተኛውን ትቶ ወረቀቱ ላይ እንዳያቀረቅር። መጀመሪያ ግን ማሽኑ መከራቸውን አሳያቸው አሉ። ሰው ሲያስል ቃል መስሎት ይጽፋል፤ ውጭ አህያ ስታናፋ የምትናገረውን ሊጽፍላት ይታገላል። ብሩክ ይህን ሲያይ «ይሄማ የራዳር ነገር ነው» ብሎ የድሮ መጥረጊያውን አመጣ። ሳሉን፣ ንፋሱን፣ አህያዋን፣ ትንፋሹን ሁሉ ጠረገው። ሰማይ የጠረገ መጥረጊያ ለጉሮሮ ምን ያንሳል? ማሽኑ ጠራ፤ ብሩክም ተመሰገነ፤ ሹመትም አገኘ።

ታዲያ ይኸው ብሩክ ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ አዜብ የምትባል የአንኮበር ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። እስከዚህ ድረስ ሽማግሌ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አባትየው ጋ ሲደረስ ነው። አባቷ ጋሽ ወልደየስ ገብስ አራሽ ናቸው፤ በአንድ ወቅት የአጥቢያ ዳኛ ስለነበሩ ሰው ሲናገር ማዳመጥ እንጂ መናገር አይወዱም። አዜብ ለብሩክ ቁርጡን ነግራዋለች፤ «አባዬ እሺ ካላለ እኔ የለሁበትም። አስከፍቼው የምገባበት ቤት አይሞቀኝም።» አባትየው ደግሞ በሷው በኩል አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩ፦ «የዚያ ልጅ ሥራው ምንድነው? መጀመሪያ ሰማይ ያያል አላችሁኝ። አሁን ደግሞ ወሬ ይሰማል ትሉኛላችሁ። ሰማይ ትቶ ወሬ የሚሰማ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ብሩክ ግን ዘዴ አመጣ። «ጋሼ፣ አታስረዳቸው፤ አሳያቸው» አለኝ። ማሽኑን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ስልኩን ፊታቸው ሳስቀምጠው የተነገረው ሁሉ እዚያው እየተጻፈ ይታያል፤ እኔ ቤት የሚቀመጠው የብሩክ ኮምፒውተርም ላይ ይታያል። «እሳቸው ሥራዬን በዓይናቸው ያያሉ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ መልሳቸውን አነባለሁ» አለ። የመጀመሪያውን ስለሳቸው ብሎ፣ ሁለተኛውን መጠበቅ ስለማይችል እንዳለው ገብቶኛል። የሽምግልና ጓደኞቼን አማከርኳቸው። የአልዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ኑሩ፣ የጋሽ ወልደየስ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው፤ «ሐራም እስካልተናገርን ቢጻፍ ምን አለበት?» አሉ። መምሬ ጥላሁንም «መላእክትስ ይጽፉ የለ?» ብለው አጸደቁት።

በቀጠሮው ቀን ከመምሬ ጋር ማልደን ከደብረ ብርሃን ተነሳን። ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቶ ሹፌራችን በጡሩምባ እየቀሰቀሰው ነበር የሚያልፈው። ሐጂ የአልዩ አምባን ዳገት በበቅሎ ወጥተው አንኮበር ጠበቁን። እንደ ወጉ በር ላይ ቆምን፤ እንደ ወጉ «ተቀመጡ» ተባልን፤ እንደ ወጉ እምቢ አልን። አስፈቅጄ ስልኩን በርጩማ ላይ አቆምኩትና ንግግሬን ጀመርኩ። ከአፌ የወጣው ሁሉ እዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ተሰለፈ። የጋሽ ወልደየስ ባለቤት እትዬ ሙሉ ከጓዳ ብቅ ብለው «በስመ አብ! ያለውን እኮ ነው የጻፈው!» አሉ። «በስመ አብ»ንም ጻፈው። ጋሽ ወልደየስ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና አነበቡ። ፊታቸው ምንም አይናገርም፤ ዳኛ ነበሩ ብያችኋለሁ።

«እንግዲህ የልጃችን ሥራ ይኸው ነው» አልኩ። «ልጅዎን አዜብን ለልጃችን ለብሩክ ይሰጡናል ወይ?»

ጋሽ ወልደየስ መነጽራቸውን አወለቁ። አጠፉት። ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን። ከዚያ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስብ አደረጉ።

ይህችን ትንፋሽ ለእናንተ ላስረዳ አልነሳም፤ አብራችኋት ነው ያደጋችሁት። እናታችሁ ሥራ ይዛ «በላሽ እማዬ?» ስትሏት ቀና ሳትል የምትመልሳት ናት። ያ ሁሉ ፊደል ተሰልፎ ይህችን የሚጽፍ አንድ አልተገኘም፤ ግን አዎ ናት። እንዲያውም በሸዋ ሽማግሌ አፍ ከአዎ ትበልጣለች፤ ከአፍ የወጣ ቃል ስንት ጊዜ ታጥፏል፣ ወደ ውስጥ የገባ ግን ሲመለስ አላየሁም። ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። እኛ አንገት ላንገት ተያያዝን እንጂ ቃል የተነፈሰ የለም፤ እኔማ ዕንባዬ ቀድሞኝ ነበር። መምሬ ለምርቃት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ምርቃት ለማሽን አይሆንም ብዬ ስልኩን ድርግም አደረግኩት።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። የሚቀጥለውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ብሩክ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ያነባል። ጥያቄዬ እስከ መጨረሻዋ «ወይ» ድረስ ተጽፋለች። ከሥሯ ባዶ ነው። የጋሽ ወልደየስን ትንፋሽ ማሽኑ ንፋስ ነው ብሎ ጠርጓታል። እልልታውንም የወፍ መንጋ አድርጎ ጠርጎታል። ቀጥሎ መስመሩ ተቋረጠ። ቢደውል ስልኬ ዝግ ነው። «መልስ ነፈጉኝ! ጋሼም አፍሮ ነው ስልኩን ያጠፋው!» ብሎ ብድግ አለ። ባለቤቴ «ኧረ ልጄ፣ ሽማግሌ እስኪመለስ ይጠበቃል» ብትለው ማን ሰምቷት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ብሩክ ገና ለማፍሰስ ኮንትራት መኪና ተሳፍሮ አንኮበር ገሰገሰ። ሽማግሌ በተላከበት ቀን ለጋብቻ ያሰበ ሰው በልጅቱ አባት ደጅ መታየቱ ነውር ነው፤ ይህን ያጣዋል ብዬ አላምንም፤ ግን ፍቅርና ባዶ መስመር አብረው ሲመጡ ወግ ቦታ ያጣል።

እኛ በሰላም ገበታ ላይ ነን። ሐጂ የኛን ሥጋ ስለማይበሉ ከዳቦና ከማራቸው ጋር ለብቻቸው ተዝናንተዋል። በሩ ተበረገደ። ብሩክ ጸጉሩ በጉም ርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ቆሟል።

«ጋሽ ወልደየስ፣ እምቢም ከሆነ ይበሉኝ!» አለ። «ግን በቃል ይበሉኝ። ዝምታውን አልቻልኩትም።»

አዜብ ከጓዳ ወጥታ «ብሩክ! አበድክ እንዴ?» አለች። ጋሽ ወልደየስ ቀስ ብለው እጃቸውን ጠረጉ።

«ምን ልበልህ? ሰጥቻለሁ እኮ።»

«መቼ?»

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሐጂ። «እኛ ታዲያ ምን እየበላን ነው? የእምቢታ ምሳ ነው?»

ብሩክ ማሽኑ ላይ ምንም እንዳልተጻፈ ተናገረ። ጋሽ ወልደየስም «እንግዲያው ክፈቱትና አንተው ጠይቀኝ» አሉ። ስልኩን ከፈትኩ። ብሩክ «አዜብን ይሰጡኛል?» አለ። ሰውየው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። የብሩክ ፊት እንደ መስቀል ችቦ በራ፤ ሸዋ የተወለደ ልጅ አይደል፣ ጆሮው ሰምቷታል። ወዲያው ዓይኑ ወደ ስልኩ ወረደ። ባዶ። ፊቱ ጠፋ።

«እኔ ነኝ የጠረግኳት» አለ በሹክሹክታ። «ትንፋሽ መስላኝ።»

«ትንፋሽማ ናት» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «እናትህ እንዲህ አትልም?»

«ትላለች።»

«አንተስ አትልም?»

ብሩክ አንገቱን ደፍቶ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ሁላችንም ወደ ስልኩ አየን። ፈጣሪውንም አልጻፈውም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሽ ወልደየስ ብቻ አልሳቁም።

«ስማኝ ልጄ» አሉ። እኔ በዕድሜዬ ከሳቸው አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኼ ነው። «ቃሌን አላጥፍም፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። ሠርጉ ግን ይሄ ዕቃህ የኔን እሺታ እስኪሰማ ይቆያል። ዛሬ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያልሰማኝ፣ ነገ አቤት ብሎ የሚመጣውን ደሃ እንዴት ሊሰማ ነው? አንተስ ጆሮህን ትተህ እሱን ካመንክ፣ ነገ ቤትህ ውስጥ እሷን ማን ይሰማታል?»

ይግባኝ የለም። ብሩክ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ ትንፋሽ ለቀማ ወጣ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! አንዱን አዛውንት «እስቲ እንደዚያች አድርገው አዎ ይበሉልኝ» ብትሉት፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ እንደ ራዲዮ ጋዜጠኛ «አዎ!» ይላችኋል። ያቺ ትንፋሽ ታዝዛ አትመጣም። ሰውየው እውነት አዎ የሚልበትን ነገር ጠይቆ፣ ተቀምጦ፣ ተጫውቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብሩክ መጠየቅ ተማረ። «ገብሱ ዘንድሮ ያዘልዎት?» «ጥጃዋ ተሻላት?» «ከዚያ ከከሰሳችሁ ሰውዬ ጋር ታረቃችሁ?» ከሐጂ ጋር የአልዩ አምባን ገበያ አዳረሰ፤ መዘዞ ወርዶ ከበግ ነጋዴዎች ጋር ዋለ። በመጨረሻ የሰዉን ጉዳይ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ጀመር፤ እኔ ሽማግሌው የማን ቤት ምን እንደጎደለ እሱን እጠይቃለሁ።

አንድ ቀን ግን ከደብረ ብርሃን ዳር፣ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች ከሰፈሩበት መጠለያ ሥራውን አቋርጦ ተመለሰ። አንዲት እናት ጠይቆ ነበር። «ከመጣችሁ ቆያችሁ?» ሲላት ያቺን ትንፋሽ ሳበች፤ ስባ ስባ አልጨርስ አለች አለኝ። ከዚያ ስልኩን አይታ «ይሄ ዕቃ የሚሰማ ከሆነ ለሚሰማ አሰማልን» አለችው። ያን ቀን ስለ ሠርግ አላነሳንም።

ማሽኑ ተማረ። እንዲያውም አበዛው። ስልኬን ኪሴ ከትቼ አንኮበር ወዳለው አሮጌው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ብወጣ፣ ሳለከልክ የሰማኝን ሁሉ «አዎ አዎ አዎ» ብሎ ጻፈ፤ ምን እንደተስማማሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐጂ ኑሩማ ዳገት ላይ ከአንድ በቅሎ ሻጭ ጋር ሲከራከሩ፣ ማሽኑ በቅሎዋን በተጠየቀው ዋጋ ገዝተዋል ብሎ ፈረደባቸው። «አስታግሥልኝ ይሄን ዕቃህን!» ብለው ብሩክን በከዘራ አባረሩት። እሱም ሲያስታግሥ፣ ሲያላላ፣ ሲያጠብቅ ከርሞ በመጨረሻ «ይሞከር» አለ።

በድጋሚ አንኮበር ወጣን። በዚህኛው ቀን ብሩክም ተፈቅዶለት መጣ፤ አዜብም ከጓዳ ወጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ስልኩ በርጩማው ላይ ቆመ። ጥያቄዬን ደገምኩት። ጋሽ ወልደየስ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ስልኩ ጥቂት አሰበና «አዎ» ብሎ ጻፈ። እትዬ ሙሉ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ባልየው እጃቸውን አነሱ።

«እኔን ሰማ። ደግ። እሷን የጠየቃት አለ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ኢንጂነር፣ አንድ ማሽን፤ ያን ሁሉ ዳገት ስንወጣና ስንወርድ አንዳችንም አልጠየቅናትም። አፈርኩ፤ መምሬም መስቀላቸውን አገላብጠው ማየት ጀመሩ።

«ልጄ፣ ትሄጂለታለሽ?» አሉ አባቷ።

አዜብ ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ዝም አለች። ብሩክን አየችው፤ ያን ቀን በሩን በርግዶ የገባውን ሰው ልኩን ልታሳየው እንደሆነ ከዓይኗ ገባኝ። ከዚያም ዝምታዋ ውስጥ እንደ ቤቷ ተደላድላ ተቀመጠች። ብሩክ ወደ ስልኩ አንዴም አላየም፤ አፏን ነው የሚያየው። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ጠፋ። እኔ ራሴ ደረቴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

ከዚያ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ልክ እንደ አባቷ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

ይሄኔ ትንፋሻችንን ይዘን የነበርነው ሁላችን፣ ሐጂ፣ መምሬ፣ እትዬ ሙሉ፣ ጋሽ ወልደየስ፣ ብሩክም እኔም፣ እኩል አየር ሳብን። ስልኩ አዎውን ከላይ እስከ ታች ደረደረው።

ሲመሽ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ፣ ብሩክ ስልኩን እያየ «ስህተት አለበት ጋሼ» አለኝ። «የሷን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን እጠርገዋለሁ።»

«ተው» አልኩት። «ሁላችንም ብለናል።»